ስለ አሮጌ ፒክ አፖች የጢስ ማጽጃ መነቀል

በጋራዦችም በተማሪዎች ክርክርም መካከል ብዙ ጊዜ የሚሰማ አንድ አስተያየት አለ። ይኸውም ያረጀ የቤንዚን ፒክ አፕ ጉልበቱ ሲደክምና ዳገት ሲያቅተው፤ ከማርሚታው በፊት የተተከለውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ነቅሎ በምትኩ ባዶ ቱቦ መበየድ ይበጃል የሚል ነው። የሴንሰሩ ነገር ሲነሣም «እሱን ማታለል ቀላል ነው» ይባላል። እኛ የምንመረምረው ይህን አስተያየት ነው እንጂ አስተያየቱን የሚሰጡትን ሰዎች ለመንቀፍ አይደለም፤ ከነርሱ መካከል ከእኛ የበለጠ ብዙ ሞተር የፈታ አለና። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስተያየቱ ከምንም የመጣ አይደለም። ዕቃው በአሜሪካ አውቶሞቢሎች ላይ በብዛት የገባው በ1975 ሞዴል ነው። በዚያን ጊዜ ጄኔራል ሞተርስ የተጠቀመበት ዓይነት በትንንሽ እንክብሎች የተሞላ ሣጥን ስለ ነበረ ጢሱን በርግጥ ያፍነው ነበር፤ ሞተሮቹም በዚያው ዘመን እርሳስ ለሌለው ቤንዚን ሲባል ኮምፕረሲዮናቸው ስለ ተቀነሰ ደካሞች ነበሩ። ሾፌሩ ሁለቱን ድካም አንድ አድርጎ በሣጥኑ ቢያመካኝ አይፈረድበትም። የፒክ አፕ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይልቅ የሚያስገርም ነው። የጊዜው ደንብ ከነጭነታቸው እስከ 6,000 ፓውንድ፤ ማለት 2,720 ኪሎ ገደማ፤ የሚመዝኑትን ቀላል ካሚዮኖች ብቻ ይመለከት ስለ ነበረ፤ ፎርድ በ1975 ኤፍ 150 የተባለውን ፒክ አፕ ከዚህ ልክ ጥቂት ከፍ አድርጎ አወጣው፤ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን እየጠጣ ያለ ኮንቨርተር እንዲሄድ ነው። ሸቭሮሌም ይህንኑ መንገድ ተከተለ። ቀዳዳው የተዘጋው በ1979 ደንቡ እስከ 8,500 ፓውንድ ከፍ ሲል ነው። እንግዲህ «እውነተኛ ፒክ አፕ ይህ ዕቃ የለውም» የሚለውን እምነት መጀመሪያ ያስተማሩት ጋራዦች ሳይሆኑ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ናቸው።

ነገር ግን ለ1975ቱ ሣጥን እውነት የነበረውን ለ1990ዎቹና ለ2000ዎቹ ፒክ አፕ መናገር ስሕተት ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው ከስሙ ይመስለናል። ብዙ ሰው ዕቃውን «ማጣሪያ» ይለዋል፤ ማጣሪያ ደግሞ ቆሻሻ ይዞ የሚያስቀር፤ ሲሞላ የሚጣል ነገር ነው። ካታሊቲክ ኮንቨርተር ግን የሚያጠራቅመው ቆሻሻ የለም። ከሸክላ የተሠራ የማር እንጀራ የመሰለ ነገር ሲሆን፤ በአንድ ካሬ ኢንች ብዙ ጊዜ 400 ያህል ቀዳዳዎች አሉት፤ በግድግዳዎቹም ላይ ፕላቲነም፤ ፓላዲየምና ሮዲየም በስሱ ተቀብተዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለ ቤንዚን በነዚህ ላይ ሲያልፉ ተቃጥለው ያልቃሉ፤ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችም ወደ ተራ ናይትሮጅን ይመለሳሉ። ደህና የሆነው ዕቃ በሚገባ ሲሞቅ ከነዚህ መርዞች ከመቶ 90 እጅ በላይ ያጠፋል።

ስለዚህ ደህና ኮንቨርተር በገዛ ራሱ አይደፈንም። ተደፍኖ ከተገኘ የደፈነው ሌላ ነው። ካንዴላ እሳት ሳይሰጥ ሲቀር ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጢሱ መውጫ ገብቶ እዚያ ይነድና ሸክላውን ያቀልጠዋል። የፒስተን ፋሻ አልቆ ዘይት ሲያልፍ በዘይቱ ውስጥ ያለው ፎስፎረስ ብረቶቹን ይሸፍናቸዋል። በነዚህ ምክንያቶች የታፈነ ፒክ አፕ ቱቦ ሲበየድለት ዳገቱን እንደሚወጣ አንክድም፤ ባለቤቱም ተደስቶ ይሄዳል። ዳሩ ግን ያው ካንዴላና ያው ፋሻ አብረውት ሄደዋል። ነቅሎ ከመጣል በፊት የፊተኛውን ሴንሰር ፈትቶ በቀዳዳው የግፊት መለኪያ መትከል የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ መታፈኑና አለመታፈኑ ያን ጊዜ ይታወቃል። ይህን ሳያደርግ «ኮንቨርተሩ ነው» ብሎ የሚፈርድ ባለሙያ ሙቀት ሳይለካ ወባ ነው እንደሚል ሐኪም ነው።

አሁን ወደ ሴንሰሩ እንመለስ፤ የነገሩ ጥልቀት እዚህ ላይ ነውና። ኮንቨርተሩ ሦስቱን ሥራ ባንድ ጊዜ እንዲሠራ አየርና ቤንዚን በክብደት 14.7 ለ 1 ገደማ ሆነው መቃጠል አለባቸው። ይህን የሚጠብቀው ከፊት ያለው የኦክሲጅን ሴንሰር ነው። በተለመደው ዓይነት ቮልቱ ከ0.1 እስከ 0.9 ገደማ እየወጣና እየወረደ ለኮምፒውተሩ ይናገራል። በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ከኮንቨርተሩ በኋላ ሁለተኛ ሴንሰር እንዲኖር ግድ ሆነ። በኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው ሴሪየም ኦክሲጅን እያስቀመጠ ስለሚያወጣ፤ የኋለኛው ሴንሰር ንባብ የረጋ መሆን አለበት። እንደ ፊተኛው መወዛወዝ ከጀመረ ኮምፒውተሩ ፒ 0420 የተባለውን ምልክት መዝግቦ መብራቱን ያበራል።

ነቃዮቹ «የኋለኛው ሴንሰር ምስክር እንጂ ገዢ አይደለም፤ ቢታለል ሞተሩን አይጎዳውም» ይላሉ። በብዙ አሮጌ ፒክ አፖች ይህ አብዛኛውን እውነት መሆኑን እንቀበላለን፤ ሆኖም በአንዳንዶቹ የቤንዚኑን ልክ በጥቂቱ ያርማል። የኛ ተቃውሞ ሌላ ነው። ሳይታለል የቀረ እንደሆነ መብራቱ ሁልጊዜ በርቶ ይኖራል፤ ሁልጊዜ የበራ መብራት ደግሞ የጠፋ ያህል ነው፤ ነገ ካንዴላ ቢሞት የሚናገር የለም። ብየዳውም አየር የሚያስገባ ከሆነና ለፊተኛው ሴንሰር ከቀረበ፤ ሴንሰሩ የውጭውን ኦክሲጅን አይቶ «ቤንዚን አነሰ» ይላል፤ ኮምፒውተሩም ይጨምራል። ቤንዚን ለመቆጠብ የተነቀለው ዕቃ ቤንዚን ያስበላል ማለት ነው።

በአገራችን ደግሞ አንድ ልዩ ማስረጃ ይቀርባል፤ «የአጎቴ ሂሉክስ ያለዚህ ዕቃ 30 ዓመት ሠርቷል» የሚል። ሠርቶ ይሆናል፤ ግን ከአሮጌዎቹ ሂሉክሶች ብዙዎቹ የናፍታ ናቸው፤ ሲፈበረኩም ዕቃው አልነበራቸውም። በሬን ከፈረስ ጋር ማመሳከር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው፤ በቆላ የተስተካከለ የካርቡራተር ሞተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ባለ ሴንሰሩ ግን ራሱን ያስተካክላል። ሴንሰር በንቀት የሚታይ ዕቃ ያልሆነው ስለዚህ ነው።

ስለ ሕጉ ባጭሩ እንናገር። በአሜሪካ ዕቃውን መንቀል ለጋራዦች ቀድሞ የተከለከለ ሲሆን፤ በ1990 የወጣው ማሻሻያ ባለ መኪናውንም ጨመረ። በካሊፎርኒያ ከ1976 ሞዴል በፊት የተሠሩ የቤንዚን መኪናዎች ከጢስ ምርመራ ነፃ ናቸው፤ ብዙዎች ይህን እንደ መንቀል ፈቃድ ይቆጥሩታል፤ ከምርመራ ነፃ መሆንና ከሕግ ነፃ መሆን ግን አንድ አይደለም። የዚያው አገር የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2020 ባወጣው ዘገባ ባለፈው ዐሥር ዓመት ያህል ጊዜ የጢስ መቆጣጠሪያቸው የተነቀለ የናፍታ ፒክ አፖች ከ550,000 እንደሚበልጡ ገምቷል። ሆኖም የመንግሥት ጽሑፎችም ነቀፌታ አያጣቸውም። ስለ ቅጣት በሰፊው ይናገራሉ፤ የአዲሱ ኮንቨርተር ዋጋ አንዳንድ ጊዜ የአሮጌውን ፒክ አፕ ዋጋ ግማሽ በሚያህልበት ጊዜ ድኻው ባለቤት ምን ያድርግ ለሚለው ጥያቄ ግን መልሳቸው ቀጭን ነው። ከተማውን የሚመርዘው ጢስ የሚወጣውም፤ ባረጀ ወለል በኩል ካርቦን ሞኖክሳይድ ገብቶ ሊገድለው የሚችለውም፤ ያው ባለቤት በተቀመጠበት መኪና ነው።

አንድ ነገር ቀርቶናል። «በነፃ እነቅልልሃለሁ» የሚል ጋራዥ መኖሩ ያስደንቅ ይሆናል። በ2021 መጀመሪያ ሮዲየም በወቄት ወደ 30,000 ዶላር ተጠግቶ ነበር፤ ሌቦች በሌሊት ከመኪና ሥር እየገቡ ኮንቨርተር በመጋዝ የሚቆርጡትም ለነዚህ ብረቶች ሲሉ ነው። ምክሩን የሚሰጠው ሰው የተነቀለውን ዕቃ ለባለቤቱ ይመልስ እንደሆነ ወይም ለራሱ ያስቀር እንደሆነ፤ አስተያየቱን ከመመዘናችን በፊት መጠየቅ ነበረብን።