ባንዱ ይሰማናል ወይ?

ከአዳማ ተነስቶ አዲስ አበባ ኮንሰርት የሚያይ ሰው የሚከፍለው የትኬቱን ብቻ አይደለም። የፈጣን መንገዱ ክፍያ አለ፣ ቤንዚኑ አለ፣ ቱሉ ዲምቱ ከደረሰ በኋላ ደግሞ መሀል ከተማ እስኪገባ ትራፊኩ የሚበላው ሰዓት አለ። ሌሊት መመለሱም አለ። ለዚህ ነው እኛ የናዝሬት ልጆች ስለ አንድ ዝግጅት ስንጠያየቅ «ጥሩ ነው ወይ?» የማንለው፤ «ያስኬዳል ወይ?» ነው የምንለው።

ይህን ጥያቄ እንደ ሂስ መለኪያ በቁም ነገር ልውሰደው። ሙዚቃው ብቻ ከሆነ መኪናው ውስጥ አለ። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. እዚሁ አዳማ ያረፈውን ዓሊ ቢራን ከፍቼ ስነዳ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማኛል፤ ከብዙ አዳራሽ ይሻላል። ታዲያ 80 ምናምን ኪሎ ሜትር የምነዳው ምን ፍለጋ ነው?

መንገዱ ዛሬ ቀላል ነው። ፈጣን መንገዱ በ2007 ዓ.ም. መግቢያ ከመከፈቱ በፊት ሞጆና ደብረ ዘይት ላይ ከከባድ መኪና ኋላ መጎተት ነበር። አሁን በየአቅጣጫው ሦስት መስመር አለ፤ ችግሩ ዳገቱን ጨርሰህ የአዲስ አበባ ብርድ ሲቀበልህ የረሳኸው ጃኬት ትዝ ማለቱ ነው። ግን መንገዱ ሲቀል ጥያቄው ከበደ። መድረስ ቀላል ከሆነ፣ የደረስንበት ነገር ራሱ መመዘን አለበት።

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። በእኛ ሙያ ግብዓቱን ቀይረህ ውጤቱ ካልተቀየረ፣ ፕሮግራሙ ግብዓቱን አላነበበውም ማለት ነው። ስለዚህ በየኮንሰርቱ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ እኔ ባልመጣ ይህ ምሽት ይለይ ነበር?

ከጥቂት ዓመት በፊት ከጓደኛዬ ጋር አንድ ትልቅ ኮንሰርት ሄድን። ከመድረኩ 100 ሜትር ያህል ርቀን ቆምን። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው፤ ስለዚህ የዘፋኙ አፍ ስክሪኑ ላይ ይቀድማል፣ ድምፁ ወደ ሦስት አስረኛ ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል። ይህ ብዙም አይገርምም፤ መሀል ላይ ተጨማሪ ስፒከር ተክሎ ማስተካከል ይቻላል። የከፋው ሌላ ነበር። ሕዝቡ አዝማቹን ተቀብሎ ደግሞ ደጋግሞ መዝፈን ሲጀምር፣ ሙዚቃው ጥሎን ወደሚቀጥለው ግጥም ገባ። ባንድ አልነበረም፤ ፕሌይባክ ነው። ትራኩ ለማንም አይቆምም። ዘፋኙም እንደ እኛ እየተሯሯጠ ሊደርስበት ሞከረ። ለዚህ ከሆነ መኪናው ይበቃን ነበር።

ተቃራኒውን ያየሁት ካዛንቺስ፣ ፈንዲቃ አዝማሪ ቤት ነው። ቤቱን የሚያውቀው ያውቀዋል። መላኩ በላይ እዚያ በጉርሻ እየጨፈረ ዓመታት ከቆየ በኋላ ራሱ ተረከበው፤ ሥዕል የሚታይበት፣ ጃዝም የሚሰማበት የባህል ማዕከል አደረገው። እኛ በገባንበት ምሽት ማሲንቆውን ተከትላ የምትዘፍነው ልጅ ወደ እኛ ዞራ ከየት እንደመጣን ጠየቀች። ጓደኛዬ «ናዝሬት» አለ፤ እኔ ደግሞ በዚያው አፍታ «አዳማ» አልኩ። ቤቱ ሳቀ። እሷ ግን አልለቀቀችንም። ሁለት ስም ስላለው አንድ ሙሽራ ግጥም አወጣች፤ የሠርጉ ጥሪ በየትኛው ስሙ እንደሚጻፍ ጠየቀች። ሰሙ ሠርግ ነበር። ወርቁን አዳማ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በሌላ አፍ ቢባል ጠብ ይሆናል። ጓደኛዬ ብር አውጥቶ ግንባሯ ላይ ለጠፈ። ያ ግጥም የተወለደው እኛ ስለመጣን ነው።

ፈንዲቃን ያለ ነቀፌታ ላወድሰው ግን አልፈልግም። የቤቱ ዝና በውጭ አገር ሲሰፋ፣ አማርኛ የማይሰማው እንግዳ በዛ። እስክስታ አስተርጓሚ አያስፈልገውም፤ ሰምና ወርቅ ግን ያስፈልገዋል። በኋላ በሄድኩባቸው ምሽቶች ጭፈራው እየደመቀ፣ «ተቀበል!» የሚለው ድምፅ እየቀነሰ መጣ። ጭፈራው ድንቅ ነበር። የሚጨፈረው ግን ለሁላችንም እኩል ነው፤ ከየት መጣችሁ የሚል የለበትም።

ጓደኛዬ በመለኪያዬ አይስማማም። ሲመለሱ ሞጆን ስናልፍ እንዲህ አለኝ፦ «አደባባይ ሙሉ ሰው አብሮ ሲዘፍን አንተ አንድ ድምፅ ነህ። ብትቀር ማንም አያውቅም። ሁሉም ቢቀር ግን ዘፈን የለም። ያንን አዝማሪ ቤት አታገኘውም።» ልክ ነው። ክፍያው ጋ እስክንደርስ መልስ አጣሁ።

አሁን መልስ ያለኝ ይመስለኛል። ጥያቄው «እኔን ሰማኝ ወይ?» መሆን የለበትም፤ «እኛን ይሰማናል ወይ?» ነው መሆን ያለበት። በደርግ ዘመን ዋሊያስ ባንድ ሂልተን ሲጫወት ሰዓት እላፊ ነበር። የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ያንን ሰዓት እላፊ የሚናፍቅ የለም። ግን ሌሊቱን ሙሉ ከታዳሚው ጋር የተዘጋበት ባንድ ታዳሚውን ማንበብ ግዴታው ነው፤ ማን እንደደከመ፣ ማን ገና መደነስ እንደፈለገ ማየት አለበት። የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ በኋላ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ፣ ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ ደንበኛ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። መኪና ውስጥ መለማመድ ይቻላል፤ ማዳመጥም ይቻላል። የሚቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰሚና ተጫዋች መሰማማት።

አደባባይም ቢሆን ይህ ይቻላል። ባንድ ካለ፣ ሕዝቡ አዝማቹን ሲይዘው ከበሮ መቺው ቀና ብሎ ያያል፤ ዘፋኙ እጁን ያነሳል፤ አንድ ዙር ይጨመራል። ያች አንድ ዙር በየትኛውም አልበም የለችም። የምንነዳው ለእሷ ነው።

ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ስትፈርስ ፈንዲቃም ከነባር ቤቱ ተነሳ። ከአዳማ የምንሄድበት አንድ አድራሻ ጎደለ፤ ትልልቆቹ አዳራሾች ግን አሉ፣ ፖስተራቸውም እዚህ ድረስ ይለጠፋል። ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ የአንዱን ፎቶ ልኮልኝ «ያስኬዳል?» አለኝ። የዘፋኙን ፎቶ፣ የስፖንሰሩን ዓርማ፣ የትኬቱን ዋጋ አየሁ። የባንድ ስም ፈለግኩ፤ አጣሁ።

«ማን ነው የሚያጅበው?» ብዬ ጻፍኩለት። እስኪያጣራ እየጠበቅኩ ነው። ነዳጅ አልሞላሁም።