ከምቱ በፊት ያለው ጊዜ፦ ኤፍሬን ሬየስ በድሮ ቪዲዮ

ከኤፍሬን ሬየስ የፑል ጨዋታዎች ሁሉ አብዝቶ የሚታየው በ1995 (ዘመናቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ፣ ኔቫዳ ግዛት፣ ሬኖ ከተማ የተቀረጸ አንድ ምት ነው። በሳንድስ ሪጀንሲ ውድድር ፍጻሜ ፊሊፒናዊው ሬየስና አሜሪካዊው ኧርል ስትሪክላንድ 12 ለ12 ደርሰዋል፤ ቀድሞ 13 የሞላ ያሸንፋል። ስትሪክላንድ ተራዋ የደረሰችውን ኳስ ከሌሎች ጀርባ ስለሸሸጋት ለነጯ ኳስ ቀጥተኛ መንገድ አልቀረላትም። ሬየስ ነጯን ወደ አንዱ ጠርዝ ይሰዳታል፤ ከዚያ ነጥራ ወደ ተቃራኒው፣ ከተቃራኒውም ተመልሳ የተሸሸገችውን ትመታና ቀዳዳ ውስጥ ትከታታለች። የሄደችበት መስመር የላቲኑን ዜድ ፊደል ስለሚመስል ምቱ በዚያው ስም ቀረ። ሬየስም የቀሩትን ኳሶች ጠርጎ አሸነፈ።

ይህ ቁራጭ ምስል ያስደንቃል እንጂ ስለ ሬየስ ስልት ብዙ አይናገርም። ብዙውን ጊዜ የሚቆረጠው ተጫዋቹ ጠረጴዛው ላይ ሲያጎነብስ ጀምሮ ነው፤ ዋናው ሥራ ግን በዚያን ጊዜ አብቅቷል። በዘጠኝ ኳስ ጨዋታ ሕግ ትንሿን ቁጥር የያዘችውን ኳስ አስቀድሞ ያልነካ ተጫዋች ጥፋት ይቆጠርበታል፤ ተቃራኒውም ነጯን አንስቶ በፈለገበት ቦታ ያስቀምጣታል። 12 ለ12 ላይ ይህ ማለት ሽንፈት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ የሬየስ የመጀመሪያ ግዴታ የተሸሸገችውን ኳስ ማግኘት ነበር፤ ማስገባቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። «ዕድል ነው ወይስ ችሎታ?» የሚለው የቆየ ክርክርም ሁለቱን ካለመለየት የተነሳ ይመስላል። ኳሷ ቀዳዳ መግባቷ የተወሰነ ዕድል ይኖርበት ይሆናል፤ በሁለት ጠርዝ በኩል ዞሮ ኳሷ ላይ መድረስ ግን የስሌት ውጤት ነው።

ስሌቱ ከየት እንደመጣ የሕይወት ታሪኩ ያስረዳል። ሬየስ በ1954 በፓምፓንጋ ግዛት ተወልዶ ገና በልጅነቱ ማኒላ ውስጥ ፑል ቤት ከነበረው አጎቱ ጋር ለመኖር ሄደ። ቁመቱ ስለማይደርስ የለስላሳ ሳጥን ላይ እየቆመ ይጫወት ነበር፤ ሌሊት የሚተኛውም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። «ባታ» የሚለው ቅጽል ስሙ በታጋሎግ «ልጅ» ማለት ነው፤ ሽማግሌ ሆኖም አልተወውም። ከፑሉ ጎን ለጎን ቀዳዳ በሌለው ጠረጴዛ የሚካሄደውን ካራምቦላ ተጫውቷል። በሦስት ጠርዙ ካራምቦላ ነጯ ሁለተኛዋን ዒላማ ከመንካቷ በፊት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ጠርዝ መምታት አለባት። በዚህ ያደገ ተጫዋች ጠርዝን እንደ ግድግዳ ሳይሆን እንደ መንገድ ያየዋል። በጠረጴዛው እንጨት ላይ በእኩል ርቀት የተተከሉት ነጥቦችም ለእሱ ጌጥ አይደሉም፤ ኳስ ከየትኛው ነጥብ ተነስታ የትኛውን ብትመታ የት እንደምትወጣ በቁጥር የሚሰላባቸው ናቸው። ሙሉውን ቅጂ የሚያይ ሰው ሬየስ ከመምታቱ በፊት ዓይኑን ከኳሶቹ አንስቶ ወደ ጠርዙ ሲያመላልስ ማስተዋል ይችላል።

የክንዱ ነገር የበለጠ ያከራክራል። የማስተማሪያ መጻሕፍት ስቲኩ (የመምቻው ዘንግ) በአንድ ቀጥታ መስመር እንዲመላለስ፣ ጫፉም ከመነሻው ሊመታ የታሰበውን ነጥብ እንዲያይ ያዛሉ። ሬየስ ስቲኩን በሚያሳርፍበት ግራ እጁና በነጯ ኳስ መካከል ሰፊ ርቀት ይተዋል፤ ቀኝ እጁ ላላ ያለ ነው፤ አንጓው እንደልቡ ይወዛወዛል። በማነጣጠር ላይ ሳለ የስቲኩ ጫፍ ጨርቁን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ ብሎ በነጯ ሥር ይመላለሳል፤ በመጨረሻዋ ቅጽበት ግን ሌላ ቦታ ያርፋል። ብዙ ወጣት ተጫዋቾች ይህን ውዝዋዜ ከቪዲዮ ቀድተዋል። የቀዱት ግን ልብሱን ነው፤ የለበሰውን ሰው አይደለም። ረጅምና ላላ ያለው ምት እርጥበት በሚያከብደውና ኳስ በሚጎትት ጨርቅ ላይ ጥቅም አለው፤ ፈጣን ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ያንኑ የሚደግም ጀማሪ ነጯን መቆጣጠር ያቅተዋል።

ቴፑ ራሱም ወሰን አለው። በዘመኑ የአሜሪካ ቪዲዮ በሰከንድ 30 ያህል ምስል ይይዛል፤ የስቲክ ጫፍና የኳስ ንክኪ ደግሞ ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ብዙም አይበልጥም። ወሳኟ ቅጽበት በሁለት ምስሎች መካከል ትሾልካለች ማለት ነው። ነጯ ኳስ ምልክት ስለሌላት ሽክርክሪቷ በዓይን አይነበብም። የሚነበበው ከጠርዝ ስትመለስ ነው፤ ያለ ጎን ሽክርክሪት ከምትወጣበት ማዕዘን ሰፍታ ወይም ጠባ ስትወጣ። ስለዚህ ጠንቃቃ ተመልካች ክንዱን ትቶ የጠርዙን ግጭት ይከታተላል፤ ነጯ የቆመችበትን ቦታ አይቶም ቴፑን ወደ ኋላ ይመልሳል።

ለዚህ ዓይነቱ ንባብ ከአሥር ሰከንዱ ቁራጭ ይልቅ ረጅሞቹ ቅጂዎች ይጠቅማሉ። በ1996 ሆንግ ኮንግ ላይ ሁለቱ ባላንጣዎች ቀድሞ 120 የሞላ 100,000 ዶላር በሚወስድበት ግጥሚያ ለሦስት ቀን ተፋልመው፣ በመካከል ሲመራ የቆየው ስትሪክላንድ በ117 ቀርቶ ሬየስ አሸንፏል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ግጥሚያዎችን በመቅረጽ የታወቀው የአኩ-ስታትስ ኩባንያ መሥራች ፓት ፍሌሚንግ ያወጣው መለኪያም ትዕግሥተኛ ዓይንን የሚፈልግ ነው፦ የገቡት ኳሶች ብዛት ለገቡት ኳሶችና ለስህተቶቹ ድምር ይካፈላል፤ እንከን የሌለው ጨዋታ 1.000 ይሰጠዋል። በዚህ ቀመር የዜዷ ምት የምትቆጠረው እንደ አንድ የገባች ኳስ ብቻ ነው።

ቪዲዮው ከመስፋፋቱ በፊት ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። ሬየስ በ1985 ለውድድር ሂውስተን ሲገባ ዝናው ቀድሞት አሜሪካ ደርሶ ነበር፤ መልኩን ግን የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ሴሳር ሞራሌስ ነኝ ብሎ ተመዘገበ፤ በዚያው ስም ውድድሩን አሸነፈ።