መጀመሪያ ውሃ

በሜሪላንድ የሐምሌ ወበቅ የሮጠን ፈረስ ሙቀት የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ ውድድሩን ጨርሶ ኮርቻው ሲወርድለት ነው። የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ከሜዳው ጥግ ቆሜ የምጠብቀውም ያን ሰዓት ነው።

ጡንቻ ከሚያወጣው ጉልበት ለሩጫ የሚውለው አንድ አምስተኛው ያህል ብቻ ነው፤ ቀሪው ሙቀት ሆኖ ገላው ውስጥ ይከማቻል። ግማሽ ቶን የሚመዝን ፈረስ ለክብደቱ የሚመጥን ሰፊ ቆዳ ስለሌለው እንደ ሰው ቶሎ አይበርድም። ዋናው መውጫው ላብ ነው፤ በሰዓት ከ10 እስከ 15 ሊትር ሊያልበው ይችላል። ላብ ግን የሚያበርደው ሲተን ነው። አየሩ በእርጥበት ሲጠግብ ላቡ ከሆዱ ሥር ይንጠባጠባል፤ ፈረሱ ውሃውንና ጨውን ያጣል፣ ሙቀቱ ግን ውስጡ ይቀራል። ጠዋት ሜዳ ስደርስ እርጥበቱንና ነፋሱን የምጠይቀው ለዚህ ነው። ነፋስ የሌለው ወበቅ ከደረቅ ሐሩር ይልቅ ያሳስበኛል።

ሙቀት ሲጎዳው መጀመሪያ የሚለወጠው ጠባዩ ነው። የለመደውን ሰው እንቢ ይላል፣ ራሱን ይወዘውዛል፣ ማንም ሳይነካው በኋላ እግሩ ይራገጣል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል። ይህን አይቶ «ዛሬ ተቆጥቷል» የሚል ሰው ይኖራል። የጋለው አንጎሉ ነው፤ ካልተደረሰለት ይወድቃል፣ አጠገቡ የቆመውንም ሰው ይጎዳል።

ቴርሞሜትር እንይዛለን። ያረፈ ፈረስ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ይሆናል፤ ከሩጫ በኋላ 41 አልፎ ሊሄድ ይችላል። ነገር ግን በፊንጢጣ የሚለካው ሙቀት ከጡንቻውና ከደሙ ሙቀት ወደ ኋላ ስለሚዘገይ፣ ፈረሱ ከቆመም በኋላ ቁጥሩ መጨመሩን ይቀጥላል። ጠባዩ የተለወጠ ፈረስ አጠገብ ቆሞ ቁጥር የሚጠብቅ ሰው ጊዜ ያባክናል። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ልኬት።

የጋለ ፈረስ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ጡንቻውን ያስራል የሚል የቆየ እምነት ዛሬም በየጋጡ ይሰማል። በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ኦሎምፒክ ላይ ፈረሶች በሙቀት ከተቸገሩ በኋላ፣ ለ1996ቱ አትላንታ ሲዘጋጁ ተመራማሪዎች ጉዳዩን በሙከራ ፈተሹት፤ ቀዝቃዛው ውሃ ፈረሱን አበረደው እንጂ አልጎዳውም። በኋላም በጃፓን የተደረገ ጥናት ውሃን ሳያቋርጡ ማፍሰስ አብረው ከተሞከሩት ዘዴዎች ሁሉ እንደሚፈጥን አሳየ። ስለዚህ የውሃውን ጎማ ከአንገት እስከ ታፋ፣ ከጀርባ እስከ ሽንጥ ሳናቋርጥ እንይዛለን። በረዶ ካለ እንጨምርበታለን። እርጥብ ጨርቅ አናለብሰውም፤ ሙቀቱን ያፍንበታል። መጠጣት ከፈለገ ይጠጣ። ጥላና ነፋስ ይደረግለት።

ያሸነፈ ፈረስ ላይ ይህን ማድረግ ይከብዳል። ባለቤቱ ደስ ብሎታል፣ ፎቶ አንሺው ይጠብቃል፣ ሁሉም ትንሽ ታገሥ ይለኛል። ደስታቸው ይገባኛል፤ ፎቶው ግን ሊቆይ ይችላል፣ ፈረሱ ሊቆይ አይችልም።

ትልቁ ውሳኔ የሚወሰነው ግን ፈረሱ ከጋጡ ሳይወጣ ነው። ከቀዝቃዛ አገር የመጣ ፈረስ ሙቀቱን ለመልመድ ሁለትና ሦስት ሳምንት ያስፈልገዋል፤ በወበቅ አገር ማላብ ያቆመ ፈረስ ደግሞ ጨርሶ መሮጥ የለበትም። በ2024 እ.ኤ.አ. ጃፓኖች በኒጋታ የእሽቅድምድም ሜዳ የበጋ ውድድራቸውን ለሁለት ከፍለው በእኩለ ቀኑ ሐሩር ፈረሶቹን አሳረፉ። እንዲህ ያለ ውሳኔ ገንዘብና ምቾት ያስቀራል፤ ቢሆንም ይቻላል።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። ከሙቀት ጋር የሚደረገው ውጊያ የእኛ የሰዎቹ ነው፤ ፈረሱ ደከመኝ ብሎ ከመነሻው መስመር አይመለስምና። ወበቁ ሲከፋ፣ ማንም ሳይጠይቀው «ዛሬ አይሮጡም» የማለት ግዴታ የሐኪሙ ነው።