ዝልዝል በቢላዋ፣ ዝልዝል በማሽን

በእኛ ሠፈር፣ በባሕር ዳር ዓባይ ማዶ፣ ሥጋ ወደ ብዙው ቤት የሚገባው በዓልን ጠብቆ ነው። ጾሙ ብዙ ነው፤ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ይወስዳል፤ ፍልሰታ አለ፣ የነቢያት አለ፣ ረቡዕና ዓርብ አለ። ከዚያ በዓሉ ሲደርስ ጎረቤት ተጠራርቶ በሬ ይገዛል፣ ቅርጫ ይገባል፣ ሥጋው በመደብ ተከፋፍሎ ዕጣ ይጣልበታል። ረፋድ ላይ አንድ ቤት ለሳምንታት የሚበቃ ሥጋ በአንዴ ይረከባል። ለቁርጡ፣ ለጥብሱና ለቅቅሉ የሚሆነው በሁለት በሦስት ቀን ያልቃል። የቀረው ቋንጣ ካልሆነ ይበላሻል። ስለ ኤሌክትሪክ ሥጋ መቁረጫ ስጽፍ የማስበው ይህንን የበዓል ሥጋ ነው እንጂ የሆቴል ወጥ ቤትን አይደለም።

ሥጋ መዘልዘል ሥራዬ ነው። ለቤቴ እዘለዝላለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ለገባ ልጅ ስንቅ፣ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ መላኪያ የሚሆነውንም ጎረቤት ያመጣልኛል። አሁን አሁን በየቤቱ የሚጠይቁኝ ማሽኑን ይግዙ አይግዙ ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞት ይመጣል፤ የቤት ዕቃ ሱቆችም ማስገባት ጀምረዋል። አንዳንዱ ከሥጋ መፍጫው ጋር ያምታታዋል፤ መፍጫው ሥጋውን ጨፍልቆ በቀዳዳ የሚያወጣው ነው፤ እኔ የምለው በሚሽከረከር ክብ ስለት ሥጋን በስሱ የሚገምሰውን ነው፤ አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ውስጥ ሞርታዴላ የሚቆረጥበትን ዓይነት፣ ለቤት ተብሎ አነስ ያለውን።

ለማወዳደር መጀመሪያ ቢላዋው ምን እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። ለቋንጣ የሚመረጠው የጭን ቀይ ሥጋ ነው። ጅማቱ ይገፈፋል፤ ስቡም ይወጣል፤ ስብ አይደርቅም፤ ሲሰነብት ጠረኑ ይለወጥና የደህናውን ሥጋ ጣዕም ያበላሻል። ከዚያ የሥጋው ክር ወዴት እንደሚሄድ ይታያል። ቢላዋው ክሩን ተከትሎ ከአንዱ ዳር ይገባል፤ ሌላኛው ዳር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ይቆማል፤ ሥጋው ሳይበጠስ ይገለበጣል፤ ቢላዋው ደግሞ በመጣበት አቅጣጫ ይመለሳል። እንዲህ እየተመላለሰ ድቡልቡሉ ሥጋ ተተርትሮ ከክንድ የሚረዝም አንድ ዝልዝል ይሆናል። ውፍረቱን የሚቆጣጠረው ዓይን አይደለም፣ የግራ እጅ አውራ ጣት ነው። ጣቱ ከላይ ተጭኖ ይቀመጣል፤ ስለቱ ከሥሩ ሲያልፍ ሥጋው ምን ያህል እንደሳሳ ይሰማዋል። ይህን ጣት ማስለመድ ዓመታት ይወስዳል፤ ቢላዋውም በየመሐሉ ሞረድ ካላገኘ ሥጋውን ይጎትታል እንጂ አይቆርጥም።

ዝልዝሉ የሚረዝመው ለውበት አይደለም። ረጅም ዝልዝል በራሱ ክብደት ገመድ ላይ ይንጠለጠላል፤ መቆንጠጫ አያስፈልገውም፤ ነፋሱ በሁለቱም ጎኑ ያገኘዋል፤ ከጎረቤቱ ጋርም አይጣበቅም። ክሩን ተከትሎ ስለተቆረጠ ሲደርቅ አይበጣጠስም።

ማሽኑ ይህን አይችልም። በ1898 እ.ኤ.አ. ቫን በርክል የተባለ የሮተርዳም ሥጋ ሻጭ ሥጋ መቁረጫ ፋብሪካውን ሲከፍት የነበረው አሠራር ዛሬም በመሠረቱ ያው ነው፦ ክብ ስለት ይሽከረከራል፤ ሥጋው በተንሸራታች ትሪ ላይ ሆኖ ወደ ስለቱ ይሄዳል፤ ከጎን ያለው ሰሌዳ ወደኋላ በተሳበ መጠን የሚቆረጠው ይወፍራል። ስለቱ ከዳር እስከ ዳር ቆርጦ ያልፋል፤ ዳር ላይ ቆሞ የሚመለስበት መንገድ የለውም። ስለዚህ የሚወጣው ዝልዝል ሳይሆን ቅጠል ነው፤ ርዝመቱም ከትሪው አያልፍም። ያ ሁሉ ቅጠል አንድ በአንድ በሽቦ ተሰክቶ ወይም በወንፊት ላይ ተዘርግቶ መገላበጥ አለበት። በመቁረጡ የተረፈው ጊዜ ሥጋውን በመስቀል ያልቃል። ‹‹ማሽን ያፈጥናል›› የሚለው ማስታወቂያ ለቋንጣ ሠሪ ግማሽ እውነት ብቻ የሆነው በዚህ ነው።

ታዲያ ማሽኑን የማልንቀው ለምንድን ነው? ለአንድ ነገር ነው፤ ለእኩልነቱ። ቁጥሩን 5 ሚሊሜትር ላይ ካደረጉት የመጀመሪያውም ቅጠል፣ የመጨረሻውም ቅጠል፣ መሐሉም ዳሩም 5 ሚሊሜትር ነው። ለማድረቅ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም። በሥጋው ውስጥ ያለው እርጥበት ከመሐል ወደ ላይ ተጉዞ መውጣት አለበት፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን የማድረቂያው ጊዜ እጥፍ ብቻ አይሆንም፣ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ያልሠለጠነ እጅ የቆረጠው ዝልዝል አንድ ቦታ ሳስቶ አንድ ቦታ ሲወፍር፣ የሳሳው ደርቆ እንጨት ሲሆን የወፈረው ውስጡ ገና ጥሬ ነው፤ ሽታውም የሚጀምረው ከዚያው ነው።

በገና እና በጥምቀት ሰሞን ይህ ያን ያህል አያስጨንቅም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ በታኅሣሥና በጥር አየሩ ደረቅ ነው፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል፣ ዝንቡም ይቀንሳል፤ ትንሽ የወፈረውንም ነፋሱ ያደርሰዋል። ፈተናው እንቁጣጣሽና መስቀል ላይ ነው። ዝናቡ ገና አልወጣም፤ ከጣና በኩል የሚመጣው አየር እርጥብ ነው፤ ገመድ ላይ የዋለ ሥጋ ማታ ሲዳሰስ ልክ እንደ ጠዋቱ ይለሰልሳል። በዚህ ወቅት የአንድ ሚሊሜትር ልዩነት ቋንጣውን ያተርፋል ወይም ያስጥላል። እኔ ለማሽኑ ቦታ የምሰጠው ለመስከረም ነው። በጥር ቢላዋዬ ይበቃኛል።

ነገር ግን ማሽኑ በምላሹ የሚጠይቀው አለ፤ ብዙ ሰው ገዝቶ የሚያዝንበትም እዚህ ላይ ነው። የቅርጫ ሥጋ ትኩስ ነው፤ ከበሬው ላይ ከተነሳ ሰዓታት አልሞላውም። ትኩስ ሥጋ ለስላሳና ተለጣጭ ነው፤ ለቁርጥ የሚወደድበት ይኸው ልስላሴው ለማሽኑ ጠላቱ ነው። ስለቱ ሲነካው ይሸሻል፣ ይታጠፋል፣ ይጎተታል፤ ቅጠሉ ተሸብሽቦ ከስለቱ ጀርባ ይጠቀለላል፤ ሞተሩም ያቃስታል። እጅና ቢላዋ ግን ትኩስ ሥጋ ላይ ነው የሚያምርባቸው። ለማሽን የሚሆነው ሥጋ ሌሊቱን ፍሪጅ አድሮ፣ ከዚያ ለአንድ ለሁለት ሰዓት ፍሪዘር ገብቶ፣ ላዩ ጠንከር ብሎ ውስጡ የበረደ ግን ያልጠጠረ ነው፤ በቢላዋ ጫፍ ሲወጉት መግባት አለበት። እንደ ድንጋይ የበረደውን መስጠት ደግሞ ማርሹን መስበር ነው። አጥንትማ በፍጹም አይታሰብም። ስለዚህ ማሽኑ የበዓሉ ማግስት ዕቃ ነው፤ ፍሪዘር የሌለው ቤት ማሽን መግዛቱ ትርጉም የለውም።

አሁን ከማሽን ማሽን ልለይ። ገዢ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ዋቱን ነው። ዋት ብቻውን ብዙ አይናገርም። የጀርመኑ ሪተር ታጣፊና ትንንሽ ማሽኖችን በ65 ዋት ሞተር ይሠራል፤ በደንብ የበረደና ጅማቱ የወጣ ሥጋ በሥርዓት ይቆርጣሉ። በአንጻሩ ከ150 ዋት በላይ ተጽፎባቸው ማርሻቸው ፕላስቲክ የሆነ፣ ገላቸውም በእጅ ሲጫኑት የሚወዛወዝ አሉ። ሰሌዳው ከተወዛወዘ 5 ሚሊሜትር ያሉት 3ም 7ም ይሆናል፤ ማሽኑን የገዛንበት ምክንያት እዚያው ጠፋ ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ ሰሌዳውን በአውራ ጣታችሁ ገፋ አድርጉት፤ ከተንቀሳቀሰ ተዉት። ከሞተሩ ጉልበት በፊት ይህንን እዩ።

ሁለተኛው ከሥሩ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው። አብዛኛው የቤት ማሽን ሳያርፍ የሚሠራበት ደቂቃ ተጽፎበታል፤ 5 ወይም 10 ደቂቃ ይላል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ይቀዝቅዝ ማለት ነው። ለሁለት ሰው እራት ይህ ምንም አይደለም፤ ለቅርጫ መደብ ግን ቀኑን ሙሉ መቆራረጥ ይሆናል። ሥጋውን ከፋፍሎ፣ ግማሹን ፍሪዘር አቆይቶ፣ ማሽኑ ሲያርፍ የተቆረጠውን ጨው እያሹ መስቀል ይሻላል። ጨውና በርበሬው ከተቆረጠ በኋላ እንጂ በፊት አይነካው፤ ጨው የአሉሚኒየሙን ገላ ይበላል፣ በርበሬውም ማርሹ ውስጥ ይገባል።

ስለቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ጥርስ ያለውና ልሙጡ። ጥርስ ያለው ለዳቦ ነው፤ ድፎ ዳቦ ቆንጆ አድርጎ ይቆርጣል፤ ሥጋውን ግን ይቦጫጭቀዋል። ለሥጋ ልሙጡን፣ ከተቻለ ስፋቱ 19 ሴንቲሜትር የሚሆነውን ውሰዱ፤ 17ቱም ለጠባብ ቁራጭ ይሠራል። ስለቱ ያለ ልዩ መፍቻ የሚወልቅ መሆኑን ባለ ሱቁ ፊታችሁ አውልቆ ያሳያችሁ።

ከአሜሪካ የሚመጣው ሌላ ጣጣ አለው። የእነርሱ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። በቀጥታ ሶኬት ላይ ከሰኩት ወዲያው ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ ኸርዙን ግን አይለውጥም፤ አንዳንዱ ሞተር ከፍጥነቱ አንድ ስድስተኛውን ያጣል፣ ይሞቃልም። ዘመድ ‹‹ምን ላምጣላችሁ?›› ሲል የአውሮፓውን እንዲያመጣ ንገሩት። ያ እንኳ ካልሆነ ጥሩ የአጥንት መለያ ቢላዋ ያምጣ፤ እሱ ቮልት አይጠይቅም።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደኝ ልምጣ፤ ንጽሕና። ቢላዋ ሁለት ጎን አለው፤ ታጥቦ ያልቃል። ማሽን ግን ሥጋ የሚሸሸግበት ስንጥቅ ብዙ ነው፤ ከስለቱ ጀርባ፣ በእጅ መከለያው ጥርሶች መካከል፣ ከትሪው ሥር። በ2008 እ.ኤ.አ. በካናዳ ከአንድ የቶሮንቶ ፋብሪካ በወጣ የተቆረጠ ሥጋ ምክንያት ሊስቴሪያ የተባለ ተሕዋስ ከ20 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ተሕዋሱ ተደብቆ የተገኘው በየቀኑ በሚታጠቡት የመቁረጫ ማሽኖች ውስጥ፣ እጅ በማይደርስበት ቦታ ነበር። የአሜሪካ የምግብ ደንብ በሥራ ላይ ያለ መቁረጫ ቢያንስ በየ4 ሰዓቱ ተፈታቶ እንዲጸዳ ያዛል። እነርሱ በብዛት የሚቆርጡት የበሰለ ሥጋ ነው። እኛ ጥሬ የምንበላ ሕዝብ ነን። ስለዚህ የእኔ ሕግ ጥብቅ ነው፦ ጥሬ የሚበላ ሥጋ፣ ቁርጥም ይሁን ክትፎ፣ ማሽን አይነካውም። ለክትፎ መጀመሪያ በስሱ ቢገመስ መክተፉ እንደሚቀል አውቃለሁ፤ ቢሆንም አላደርገውም። ማሽኑ እሳት ለሚያገኘው ሥጋ ይሁን፤ ቋንጣውም ቢሆን በእኔ ቤት ወጥ ወይም ፍርፍር ሆኖ ሳይበስል አይቀርብም።

ሲጸዳ መጀመሪያ ከሶኬት ይነቀል፤ ‹‹አጥፍቼዋለሁ›› አይበቃም። ስለቱ ከመሐል ወደ ውጭ እንጂ ዳሩን ተከትሎ አይጠረግ። ልጆች ባሉበት ቤት ስለቱ ወልቆ ለብቻው ይቀመጥ። መጨረሻ ላይ የምትቀረውን ትንሽ ቁራጭ በእጅ ገፍቶ ለመጨረስ መሞከር ጣት ያስከፍላል፤ እሷን ለቢላዋ ተዉለት።

የሐይቁ ዳር ሰው ዓሣውንስ ይለኛል። ቀረሶም አምባዛም ለዚህ ማሽን አይሆኑም። የዓሣ ሥጋ ልል ነው፤ ክሩ አጭር ነው፤ ስለቱ ላይ ይፈርሳል። ከጀርባ አጥንቱ ላይ ሥጋውን ሙሉ አድርጎ መግፈፍ በጣና ዳር ወጣቶች በደቂቃ የሚያደርጉት ሥራ ነው፤ የሚፈልገውም ቀጭን ስል ቢላዋና ንጹሕ ጣውላ ብቻ ነው።

እንግዲህ ፍርዴ ይኸው ነው። ፍሪዘር ያለው፣ በመስከረም ብዙ ቋንጣ የሚያደርቅ፣ የሚዘለዝልለት የለመደ እጅ ያጣ ቤት ማሽኑን ይግዛ፤ ሰሌዳው የማይነቃነቅ፣ ስለቱ ልሙጥና ወላቂ፣ 220 ቮልት የሆነውን። የለመደ እጅ ያለበት ቤት ደግሞ ገንዘቡን በጥሩ ቢላዋና በጥሩ ሞረድ ላይ ያውለው። ሁለቱንም የያዘ ቤት ካለ፣ ለመጪው በዓል ማሽኑን ከማውጣቱ በፊት ሴት ወንድ ሳይል አንድ ልጅ አጠገቡ አስቀምጦ በቢላዋ መዘልዘልን ያሳየው፤ መብራት በሚጠፋበት ቀን ሥጋውን የሚያተርፈው እሱ ነው።