«የዳታቤዙ ዱካ አልተገኘም»፦ በሦስት ቃል ላይ የቀረበ ሂስ

የሒሳብ ሠራተኛዋ ጠዋት ፕሮግራሙን ስትከፍት «የዳታቤዙ ዱካ አልተገኘም» ቢላት ምን ይገባታል? አብዛኛው ሰው የሚረዳው «መዝገቡ ጠፋ» ብሎ ነው። ዛሬ ሂስ የምናቀርበው በዚህች ባለ ሦስት ቃል መልእክት ላይ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። በመንዝ፣ ለጓሳ በምትቀርበው መሐል ሜዳ፣ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር አራት ኮምፒውተሮች አሉት እንበል። የሒሳብ ዳታቤዙ ያለው በአንዱ ላይ ብቻ ነው፤ እሱን ሰርቨር እንበለው። ሌሎቹ በኔትወርክ ከእሱ ያነባሉ። በአገራችን ብዙ የሒሳብ ባለሙያ የሠለጠነበትን ፒችትሪን ብንወስድ፣ በየኮምፒውተሩ ላይ «ዳታው ያለው እዚህ ነው» የምትል መስመር የያዘች ትንሽ የኮንፊግሬሽን ፋይል አለች። ፕሮግራሙ ሲነሳ መስመሯን አንብቦ ወደተባለው ቦታ ይሄዳል።

ታዲያ ቦታውን የሚያሳጣው ብዙ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ከሰርቨሩ ቀድመው ተነስተው ይሆናል። ኬብል ተነቅሎ ወይም ሰው የፎልደሩን ስም ቀይሮ ይሆናል። አድራሻው «ሲ ድራይቭ» የሚል ከሆነም ጉድ ነው፤ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ ሲ ድራይቭ አለውና። «ሲ» ማለት «ቤቴ» እንደማለት ነው፤ ተናጋሪው ሲለወጥ ቤቱም ይለወጣል። በእነዚህ ሁሉ ዳታው በቦታው በሰላም ተቀምጧል። መልእክቷ ግን ለሁሉም ያላት መልስ አንድ ነው።

ቃሉም ያሳስታል። አማርኛ የለበሱ አንዳንድ ፕሮግራሞች መገኛን «ዱካ» ይሉታል። ጓሳ ላይ የቀይ ቀበሮ ዱካ ብታዩ እንስሳው አልፎ ሄዷል ማለት ነው። ዱካ የሄደን ነገር ይናገራል፤ እኛ የምንፈልገው ግን ያለበትን ቦታ ነው። «አድራሻ» ቢባል ማን ይቸገራል?

ጉዳቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የደነገጠ ሠራተኛ ያለፈውን ወር ባካፕ አምጥቶ በዛሬው ዳታ ላይ ይጭናል። ያኔ ያልጠፋው መዝገብ እውነትም ጠፋ፤ ከዚያ ወዲህ የተመዘገበው የአባላት ገንዘብ ሁሉ ከደረሰኝ እንደገና ሊለቀም ነው።

ጥሩ መልእክት ምን ሆነ፣ የት ተፈለገ፣ ቀጥሎ ምን ይደረግ የሚሉትን ይመልሳል። ለምሳሌ፦ «ዜድ ድራይቭ ላይ ‹ሒሳብ› የሚለውን ፎልደር ፈልጌ ድራይቩን አላገኘሁትም። ዳታው ተሰርዟል ማለት አይደለም። ሰርቨሩ መብራቱን አይታችሁ እንደገና ሞክሩ።»

«አድራሻን መግለጥ ለሰርጎ ገቦች መንገድ ማሳየት ነው» የሚሉ አሉ። ሁሉም ሰው ለሚገባበት ድረ ገጽ እውነት ነው፤ እዚያ ዝርዝሩ ባለሙያው ብቻ በሚያየው መዝገብ ይጻፍ። ለቢሮዋ ሠራተኛ ግን መደበቁ ማንንም አይጠብቅም።

መልእክቷ እስክትሻሻል ድረስ ቅደም ተከተሉን ያዙ፦ መጀመሪያ ሰርቨሩንና ኬብሉን እዩ። ቀጥሎ ፎልደሩን በእጃችሁ ለመክፈት ሞክሩ። ከተከፈተ አድራሻውን ከኮንፊግሬሽን ፋይሏ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ፋይሏን ከመንካታችሁ በፊት ኮፒ አስቀሩ። ባካፕ መጫን የመጨረሻው እርምጃ ይሁን። ነገ ፕሮግራም የምትጽፉ ደግሞ መልእክታችሁን ለሌላ ሰው አሳዩና «አሁን ምን ታደርጋለህ?» በሉት። መልስ ካጣ የጎደለው መልእክታችሁ ነው።