ተከሳሹ ጨጓራ

ጨጓራ በሀገራችን ያልተከሰሰበት ወንጀል የለም። ከእምብርት በላይ ቢቆርጠን ጨጓራ ነው። ከእምብርት በታች ቢነፋን፣ ያው ጨጓራ ነው። ጎረቤት ይመሰክራል፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኛ ይፈርዳል፣ መድኃኒት ቤቱ ቅጣቱን በኪኒን ቆጥሮ ይሰጣል። አንዱ ተልባ ያዛል፣ ሌላው በርበሬ ያግዳል። ተከሳሹ ግን ብዙውን ጊዜ ችሎት ፊት ሳይቀርብ ነው የሚፈረድበት።

ደግነቱ ዘመኑ ምስክር አምጥቶልናል፤ ራጅ፣ አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ስካን፣ ኤምአርአይ። ችግሩ ምስክሩን መጠየቅ አለመቻላችን ነው። ታካሚው ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል «ዶክተር፣ አልትራሳውንድ ይዘዙልኝ» ይላል። ሐኪሙም በር ላይ የተኮለኮለውን ሰው እያየ፣ «የሆድ ሕመም» ብሎ ሁለት ቃል ይጽፍና ወረቀቱን ያቀብለዋል። ማሽኑ ዘንድ የተቀመጠው ባለሙያ ከዚህ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ትንሽ ቆይቶ ውጤቱ ይመጣል፤ «ነጻ ነህ»። ነጻ የተባለው ሰው ግን ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል።

ምን ይደረግ፣ ማሽን ጠንቋይ አይደለም። አልትራሳውንድ በድምፅ ሞገድ የሚሠራ ነው፤ ድምፁ ደግሞ አየር ሲያጋጥመው አያልፍም። ለዚህ ነው ለሆድ ምርመራ «ምግብ ሳትበላ ና» የሚባለው። ጉበትን፣ ሐሞት ከረጢትን፣ ኩላሊትን ደህና አድርጎ ያሳያል። የጨጓራን የውስጥ ግድግዳ ቁስለት ለማየት ግን ተመራጩ በጉሮሮ የሚገባው ኢንዶስኮፒ ነው። «አልትራሳውንዴ ነጻ ነው፤ ስለዚህ ጨጓራዬ ደህና ነው» ማለት ሳሎኑን አይቶ ስለ ጓዳው እንደ መመስከር ነው።

ነገሩ የሚብሰው በሽታው ያልተለመደ ሲሆን ነው። እስቲ አንድ አርብቶ አደር ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ታየበት እንበል። ተራ ከረጢት ሊሆን ይችላል፤ በአሜባ የመጣ መግልም ሊሆን ይችላል። ከውሻ በሚመጣ የኮሶ ትል ዘር የተፈጠረ፣ ለዓመታት ቀስ እያለ ያደገ ከረጢትም ሊሆን ይችላል። ይህ የመጨረሻው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ አርብቶ አደሮች ዘንድ እንደሚገኝ ከታወቀ ቆይቷል። ያለ ጥንቃቄ በመርፌ ቢወጋ ፈሳሹ ሆድ ውስጥ ይበተናል፤ ሰውነት በድንገት ተቆጥቶ ነፍስ እስከ ማጥፋት ሊደርስ ይችላል። «ከብት ታረባለህ? ውሻስ አብሮህ ይውላል?» ብሎ መጠየቅ ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ብርቅ የሚባለውም በሽታ ለማን ብርቅ እንደሆነ ማየት ያሻል። የትልቁ አንጀት መጠምዘዝ በምዕራብ አውሮፓ እምብዛም አይታይም፤ የኛ ቀዶ ሐኪሞች ግን ጠንቅቀው ያውቁታል። ሆድ በድንገት ይነፋል፤ ፈስም ሰገራም እምቢ ይላል። ለዚህ ብዙ ጊዜ ውድ ማሽን አያስፈልግም፤ ተራ ራጅ ይበቃል። ፊልሙ ላይ የተነፋው አንጀት መሐሉ የተሰነጠቀ የቡና ፍሬ መስሎ ይታያል። የሕክምና መጻሕፍትም ምልክቱን በቡና ፍሬ ነው የሚጠሩት። በቡና ሀገር ይህ ሰው «ጨጓራ ነው» ተብሎ፣ ኪኒን ይዞ ሲጠብቅ አንጀቱ ሊሞት ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በቸኮለ ፍርድ ወደ ቤት የሚመለሰው ነው። ሰውዬው ከስቷል፣ ሆዱ ውሃ ቋጥሯል፣ በፊልሙ ላይ የሆድ ሽፋኑ ወፍሮ፣ ንፍፊቶቹ አብጠው ታዩ። ካንሰር እንዲህ ያደርጋል። የሆድ ቲቢም እንዲህ ያደርጋል። ቋንቋችን ራሱ ሁለቱን ሲያቀላቅል ኖሯል፤ ካንሰሩንም «ነቀርሳ»፣ ቲቢውንም «የሳንባ ነቀርሳ» እንላለን። ፎቶ ብቻውን ሁልጊዜ አይለያቸውም፤ ከፈሳሹ ወይም ከሥጋው ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት። ቤተሰብ ተሰብስቦ «አትንገሩት፣ ጸበል ይወሰድ» ሲል፣ ሰውዬው አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር መድኃኒት ሊድን በሚችል በሽታ ሞቱን ይጠብቃል።

ፍርድ መሻር እንደሚቻል የአልትራሳውንድ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። በ1950ዎቹ ኢያን ዶናልድ የተባለው የግላስጎው የማኅፀን ሐኪም የብረት ስንጥቅ መፈለጊያውን መሣሪያ ለሰው ሆድ አዋለው። አንዲት ሴት የማይድን የጨጓራ ካንሰር አለባት ተብሎ ነበር። (እዚያም ጨጓራ!) መሣሪያው ያሳየው ግን ከእንቁላል ማፍሪያዋ የበቀለ፣ ፈሳሽ የቋጠረ ትልቅ ከረጢት ነው። በቀዶ ሕክምና ወጣላትና ዳነች። የነዶናልድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1958 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። ሴትዮዋን ያተረፋት መሣሪያው ብቻ አይደለም፤ «ተፈርዷል» የተባለውን እንደገና የጠየቀ ሰውም ጭምር ነው።

እኛ ግን ጥያቄውን ትተን ማሽኑን ብቻ አከበርን። ገንዘብ ያለው «ትልቁን እዘዙልኝ» ይላል፤ የአንድ ሆድ ሲቲ ስካን ጨረር ከአንድ የደረት ራጅ መቶ እጥፍ ሊበልጥ እንደሚችል የሚነግረው የለም። የሌለው በሬውን ሸጦ ያነሳዋል። ከዚያ ባልገባው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ታሽጎ ይሰጠዋል። በገዛ ሆዱ ጉዳይ መልእክተኛ ሆኖ ከክፍል ክፍል ይዞራል።

«ሆድ ይፍጀው» ለሰው ምስጢር ጥሩ አባባል ነው፤ ሐኪም ፊት ግን ይገድላል። መቼ ጀመረህ? ክብደት ቀነስክ? ሰገራህ ላይ ደም አየህ? ቤት ውስጥ ያሳለ ሰው ነበር? ታካሚው ይህን ሳያፍር ይናገር፤ ሐኪሙም ማዘዣው ላይ ይጻፈው። ወንበሩን ከመልቀቃችን በፊት ደግሞ እኛም እንጠይቅ፤ «ዶክተር፣ ምን ፈልገው ነው ያዘዙልኝ?» ውጤቱ ሲመጣም፣ «ምን አገኙ? በአማርኛ ይንገሩኝ።» ዋጋ የማይከፈልበት ምርመራ ይሄ ብቻ ነው።