ሀሳቡ ፋታ የሰጠህ መቼ ነው?

ለኦሲዲ፣ ማለትም ያልተፈለገ ሀሳብ እየተመላለሰ ለሚያስጨንቅበትና ድርጊት ለሚያስደጋግምበት ሕመም፣ ፍሎክሲቲን የተባለውን መድኃኒት ከማዘዜ በፊት ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ «ይህ ሀሳብ ፋታ የሰጠህ ጊዜ ነበረ?»

ኦሲዲ ብቻ ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ቀነስ ይላል እንጂ ለቆኝ አያውቅም» ይላል። ሌላው ግን «ከመስቀል እስከ ገና ጭራሽ ረስቼው ነበር» ብሎ ይመልሳል። እኔ ብዕሬን የማስቀምጠው እዚህ ላይ ነው። ስሜት በድባቴና በማኒያ (ከልክ ባለፈ የስሜት መጋል) መካከል ከሚዋዥቅበት ከባይፖላር ሕመም ጋር የሚመጣ የኦሲዲ ምልክት ብዙ ጊዜ የስሜትን ውጣ ውረድ ይከተላል፤ በድባቴ ወቅት ይከፋል፣ በማኒያ ወቅት ይላላል።

ታማሚው እነዚያን ወራት የሚያስታውሳቸው ጤነኛ እንደነበረ አድርጎ ነው። እጁን ደጋግሞ አልታጠበም፤ በጸሎቱ መሀል የስድብ ሀሳብ አልመጣበትም። እናቱን ስጠይቅ ግን ሌላ ታሪክ እሰማለሁ፦ «ኧረ ዶክተር፣ እንቅልፍ የሚባል አልነበረውም! ሲያወራ ያድራል፤ የዕቁቡን ብር ለማያውቀው ሰው ሰጠ።» ስለዚህ አስታማሚ ሳላነጋግር አልወስንም።

ቀኑና ወሩ ሲጠፋባቸው በበዓላት እጠይቃለሁ። ከፍልሰታ በፊት ነው በኋላ? ለጥምቀት ወጥቶ ነበር? በረመዳን ሌሊቱን የነቃው ለሱሁር ነው ወይስ እንቅልፍ እምቢ ብሎት? መልሱን አንድ ወረቀት ላይ በተርታ አሰፍራለሁ፤ ከላይ ስሜቱን፣ ከታች የሀሳቡን ብርታት። ወረቀቱን አይቶ ዝምድናቸውን ከእኔ ቀድሞ የሚናገር ታማሚ አለ።

ይህ ሁሉ ድካም ለመድኃኒቱ ምርጫ ነው። እንደ ፍሎክሲቲን ያሉ መድኃኒቶች ለኦሲዲ ሲሰጡ መጠናቸው ብዙ ጊዜ ለድባቴ ከሚሰጠው ይበልጣል፤ ውጤታቸውም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይጠበቃል። ባይፖላር ላለበት ሰው፣ በተለይ ያለ ስሜት ማረጋጊያ ከተሰጡ፣ ማኒያ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ስለዚህ ሊቲየም ወይም ሌላ ማረጋጊያ ይቀድማል። ስሜቱ ሲረጋ ኦሲዲውም አብሮ የሚቀልላቸው አሉ። ላልቀለለላቸው፣ የሚፈሩትን ነገር በጥቂት በጥቂቱ እየተጋፈጡ ደጋግሞ ከመታጠብና ከማረጋገጥ የሚታቀቡበትን የባህርይ ሕክምና እመርጣለሁ። በተጨናነቀ ተመላላሽ ክፍል ጊዜ ማግኘት ከባድ ነው፤ ቢሆንም ሊነፈጉት አይገባም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ምርመራው ካለቀ በኋላ ያለው ንግግር ነው። ከዚያ ሀሳብ ያረፈበትን ብቸኛ ወቅት «እሱም ሕመም ነበር» ብሎ ለሰው መንገር ቀላል አይደለም። «ታዲያ ማረጋጊያው ያንን ዕረፍቴን ሊወስድብኝ ነው?» ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ጥያቄያቸው እውነተኛ ነው። ዕረፍቱን መፈለጋቸው ትክክል እንደሆነ፣ እንቅልፍና ገንዘብ በማያስከፍል መንገድ ልናመጣው እንደምንሞክር እነግራቸዋለሁ፤ የሚቀጥለውንም ቀጠሮ አቀርበዋለሁ።